የዶሮ ዘር ስለ መምረጥ

በግቢው ዶሮ ለማርባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ብዙ ዕንቁላል የምትጥል የትኛይቱ ናት?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጆች ለሚያድጉበት ቤት ዕንቁላል ትልቅ ረድኤት ነውና። ነገር ግን እኛ ባለፈው ዓመት ለግቢያችን ዶሮ በመረጥን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ደግሞ እንዳለ ተረዳን፤ ይኸውም «ይህች ዘር ብትጠፋ ከወዴት ትገኛለች?» የሚለው ነው።

ባለቤቴ በቤት አስተዳደር ጠንቃቃ ስለ ሆነች ሒሳቡን በወረቀት ጽፋ አቀረበችልኝ። ለዕንቁላል ብቻ ተመርጣ የተዳቀለችው የፈረንጅ ዶሮ መልካም መኖና መልካም ቤት ካገኘች በዓመት 300 ያህል ትጥላለች፤ ያገራችን ዶሮ ግን ጭራ እየለቀመች ስትኖር ከ40 እስከ 60 ያህል ብቻ ትጥላለች። እንግዲህ ዐሥር የፈረንጅ ዶሮዎች 3000፥ ዐሥር ያገር ዶሮዎች ግን 500 ያህል ይሰጣሉ ማለት ነው። «ይህን የሚያህል ጉድለት በምን ይካሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከመመለሴ በፊት ነገሩን ልመርምር አልኋት።

ያገራችን ዶሮ ዕንቁላሏ የሚያንሰው ከስንፍና የተነሣ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ አምስት ያህል ከጣለች በኋላ መጣሏን ትታ ትታቀፋለች፤ 21 ቀንም ተቀምጣ ትፈለፍላለች፤ ከዚያም በኋላ ጫጩቶቿን ከጭልፊትና ከብርድ እየጠበቀች መጫርን ታስተምራቸዋለች። ይህ ሁሉ ጊዜ ከዕንቁላሉ ቁጥር የሚቀነስ ነው። የፈረንጅ አርቢዎች ግን የመፈልፈሉን ሥራ ለመኪና ስለ ሰጡት፥ የማትታቀፈውን እየመረጡ ብዙ ትውልድ አራቡ። ስለዚህ ዶሮይቱ ዕንቁላል አበዛች፤ እናትነትን ግን ተወች። እንዲህ ያለችውን የሚያረባ ሰው ዶሮዎቹ ባረጁ ቁጥር ጫጩት ለመግዛት ወደ ሻጭ መመለስ አለበት።

የውጭ አገር ዘር ወደ አገራችን በብዛት መግባት የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በጂማና በአለማያ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን ከእነዚያ ዘሮች መካከል ናቸው። ጥቅማቸውን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በየመንደሩ ከሚገኙት ዶሮዎች ጋር ያለ ልክ ሲደባለቁ፥ አባቶቻችን ያቆዩልን ዘር እየመነመነ ይሄዳል።

ስለዚህ የሆሮን ዶሮ መረጥን። ሆሮ በወለጋ ያለ ደጋ አገር ነው፤ ዶሮውም በመልኩ ቀይ፥ ነጭ፥ ገብስማም ሆኖ ይገኛል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ጣቢያ ይህን ዶሮ ከውጭ ዘር ሳያዳቅሉ፥ ከራሱ መካከል የተሻለውን እየመረጡ ማርባት ተጀመረ፤ በጥቂት ትውልድም ውስጥ የዕንቁላሉ ቁጥርና የሰውነቱ ክብደት እንደ ጨመረ ታየ። ከዚህም የምንማረው፥ ያገር ዶሮ ያነሰው ጥቅም ስለሌለው ሳይሆን መራጭ ስላጣ መሆኑን ነው። ለእኛም አንድ ዘመዳችን ከዚያው አገር ስድስት ቄቦችና አንድ አውራ ዶሮ አመጣልን።

ቄቦቹን መምረጥ ግን የሥራው እኩሌታ ነው፤ ዘርን የሚያጸናው ወይም የሚያጠፋው አውራው ነውና። አንድ የተከበሩ ጎረቤታችን እጅግ ያማረ ቀይ የፈረንጅ አውራ ዶሮ ሊያበረክቱልን ፈቀዱ። የወዳጅን ስጦታ መመለስ ነውር ስለ ሆነ ተጨነቅን። ይሁን እንጂ የባዕድ አውራ ከገባ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች እኩሌታቸው ብቻ፥ የሁለተኞቹ ሩባቸው፥ የሦስተኞቹም ከስምንት አንድ እጃቸው ብቻ የሆሮ ይሆናል። ይህን በትሕትና ገልጠን፥ ለበዓል ወጥ እንዲሆን ካልፈቀዱ በቀር ከዶሮዎቻችን ጋር ልናኖረው እንደማንችል ነገርናቸው። እርሳቸውም ስቀው ለሌላ ወዳጅ ሰጡት፤ ፍቅራችንም አልጎደለም።

ደግሞም አውራው ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይራባ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ከዚያው አገር በመጣ በሌላ አውራ መለወጥ ይገባል። አዲስ የመጣ ዶሮ ሁሉ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ፈንግል የሚባለው በሽታ ያገሩንም የውጩንም ሳይለይ አንድ ግቢ ሙሉ ስለሚፈጅ፥ ክትባቱን በጊዜው ማስከተብ የማይታለፍ ነገር ነው።

ባለቤቴ ሒሳቧን አልሰረዘችም፤ የሚጎድለንን ዕንቁላል እስከ ዛሬ ከገበያ እናስገዛለን። ነገር ግን በወረቀቱ ግርጌ በእጇ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ጫጩት፥ ያለ ገንዘብ»።

ዕንቁላል ሸጦ የሚኖር ድኻ የፈረንጅ ዶሮ ቢያረባ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ጉድለቱን ሊሸከም አይችልምና። ሰፊ ግቢና በቂ ገቢ ያለን ሰዎች ግን ጥቂት ዕንቁላል ቢጎድልብን አንራብም። ስለዚህ ያገርን ዘር ንጹሕ አድርጎ የማቆየት ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ በእኛ ላይ የወደቀ ነው።