የራዲያተር ጠብታና የዓባይ ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የእንጦጦን ተራራ በመሻገር ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ፥ የሰላሌን ሜዳ ግራና ቀኝ እየተመለከተ ሲጓዝ ሀገሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው እንደዚሁ የተስተካከለ ይመስለዋል። ጫንቾን፥ ፍቼን፥ ገርበ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ግን ሜዳው በድንገት ያልቅና የዓባይ ሸለቆ ከእግሩ በታች ተከፍቶ ይታየዋል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ መንገዱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርድና፥ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የገደሉን ግንብ ለተመለከተው ሰው ከላይ ጥቁር ድንጋይ፥ ከዚያ በታች ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፥ ከሁሉም በታች ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። በደጋው ብርድ ጋቢውን የደረበ መንገደኛ ከወንዙ ዳር ሲደርስ ቆላው ጋቢውን ያስወልቀዋል። ይህ ቁልቁለትና ዳገት ለዓይን ደስታ ቢሆንም ለመኪና ብርቱ ፈተና ነው፤ በሜዳ ተሰውሮ የቆየ ጥቃቅን ጕድለት ሁሉ እዚያ ይገለጣልና።

እኛም በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ ፍቼ ላይ ለቁርስ በቆምንበት ስፍራ ከመኪናችን በታች አረንጓዴ ጠብታ አየን። መጠኑ አንድ ሲኒ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። ሾፌራችንም ኮፈኑን ከፍቶ ከተመለከተ በኋላ፥ «ምንም አይደለም፤ ጀሪካን ውኃ ይዘናል፤ እየጨመርን እንደርሳለን» አለ። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከእኛ ጋር ይጓዙ የነበሩት እናት ግን፥ «ልጄ፥ ከሸለቆው መካከል እንቢ ቢልህስ? እኔ ይህን ሕፃን ይዤ በዚያ ፀሐይ የት እቀመጣለሁ?» ሲሉ ጠየቁት። ሾፌሩም ጥቂት ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ፥ «እውነትዎን ነው፥ እናቴ፤ እዚሁ ይታይልን» ብሎ መለሰ።

የእናቲቱ ጥያቄ ምን ያህል የተገባ እንደ ነበረ ለመረዳት የመኪናን የውኃ ሥራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲሠራ የሚያመነጨውን ሙቀት ውኃው ይቀበልና በላይኛው የጎማ ቱቦ በኩል ወደ ራዲያተሩ ይወስደዋል፤ በዚያም ነፋስ ካቀዘቀዘው በኋላ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ውኃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። እንግዲህ በ2,500 ሜትር ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። በደጋ ቤት ሽንብራና ባቄላ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚፈጁት ስለዚሁ ነው።

የመኪና ሞተር ደግሞ ሥራውን በደንብ የሚሠራው 90 ዲግሪ በሚያህል ሙቀት ነው። ይህ ከሆነ በደጋው ላይ ውኃው ሳይፈላ የሚቀረው በምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን አጥብቆ ስለሚዘጋውና በውስጡ ግፊት ስለሚጠራቀም ነው። በክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ክዳኑ የሚችለው የግፊት ልክ ነው። በዚህ ግፊት ኀይል ውኃው በደጋም እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይፈላም። ነገሩ በወጥ ቤት ካለው የግፊት ድስት ጋር አንድ ነው።

እንግዲህ የጠብታው ጉዳት በፈሰሰው ውኃ መጠን ብቻ የሚለካ አይደለም። ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ግፊትም ይወጣበታል። ግፊቱ ከጠፋ ራዲያተሩ ሞልቶ ሳለ እንኳ ውኃው ቀድሞ ሊፈላ ይችላል። ከዚህም በቀር በየወንዙ የተቀዳ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት ኩላንቱ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ደለልና ዝገትም የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናሉ። መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን በዝግታ ሲወጣ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፥ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ግን ያንሳል። ውኃ መጨመር ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሠዋል እንጂ አያድነውም የምንለው ስለዚህ ነው።

በአቅራቢያው ከሚገኝ ጋራዥ የተጠራው መካኒክ እንደ ደረሰ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፥ «ቁርሳችሁን ተረጋግታችሁ ጨርሱ፤ ሞተሩ ሳይበርድ አልነካውም» የሚል ነበረ። ለማየት የቀረቡትንም ልጆች ወደ ኋላ አራቃቸው። ትክክልም አደረገ። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ሲነሣ በግፊት ታፍኖ የቆየው ውኃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ላይ ይወረወራልና ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ የላይኛውን ቱቦ በእጁ ዳሰሰው፤ በርዶ ሲያገኘውም በክዳኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጎ በመጀመሪያ በጥቂቱ አዞረው፤ የቀረው ግፊት መውጣቱን ካረጋገጠ በኋላ ፈጽሞ ከፈተው።

የሚያንጠባጥበውን ስፍራ ማግኘት አልቸገረውም። የላይኛው ቱቦ ከራዲያተሩ አፍ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ደርቆ የቀረ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ነበረ። የብረት ማሰሪያ ቀለበቱ ላልቷል፤ የጎማውም ጫፍ ደርቆ ጥቂት ተሰንጥቋል። መካኒኩ ኩላንቱን በንጹሕ ሳፋ አጠራቀመ። ቀለበቱን በካቻቢቴ አላልቶ ቱቦውን በእጁ ግራና ቀኝ እያዞረ አወጣው። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ቢቀልም የራዲያተሩን አፍ ይጭራልና፥ ጭረቱም ሌላ ማፍሰሻ ይሆናልና አላደረገውም። የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቈረጠው፤ ቱቦው ረዘም ያለና የቀረውም ጎማ ለስላሳ ስለ ነበረ ይህ በቂ ሆነ። ጎማው በሙሉ የደረቀ ወይም ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ቢሆን ኖሮ ግን አዲስ ቱቦ ከመግዛት በቀር ሌላ መድኀኒት አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ የራዲያተሩን አፍ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ወልውሎ በጨርቅ አደረቀው። ቱቦውን በአፉ ዙሪያ ካለው ጕብታ አሳልፎ ገፋው፤ ቀለበቱንም ከጕብታው በስተኋላ አድርጎ አጠበቀው። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጎማውን እንደሚቈርጥ፥ የላስቲክ የሆነውንም አፍ እንደሚሰብር እየነገረን ሠራው። ኩላንቱን መልሶ ሞላና የጎደለውን ከጨመረ በኋላ፥ ክዳኑን ሳይገጥም ሞተሩን አስነሣ፤ የታፈነው አየር በአረፋ መልክ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ገጥሞ፥ ሞተሩ ሲግልና ግፊቱ ሲሞላ በተጠገነው ስፍራ ላይ ደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ አየው። ወረቀቱ እንደ ደረቀ ወጣ።

ከቀትር በኋላ ወደ ሸለቆው ወረድን። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተውንና 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የሕዳሴ ድልድይ ስንሻገር አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ቆሞ ይታይ ነበረ። ከዚያ የደጀን ዳገት ጀመረ። አንድ የጭነት መኪና ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፥ ኮፈኑ ተከፍቶ፥ እንፋሎት ሲወጣው በመንገዱ ዳር ቆሞ አየን፤ ረዳቱም ባዶ ጀሪካን ይዞ ወደ ታች ይመለከት ነበረ። እኛም ከያዝነው ውኃ አካፈልነውና፥ ሞተሩ ሳይበርድ እንዳይጨምረው ሾፌራችን ነገረው፤ ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ በድንገት ሲፈስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላልና። የእኛ የሙቀት መለኪያ እስከ ደጀን ድረስ ከመካከሉ ፈቅ አላለም፤ ሕፃኑም ከአያቱ እቅፍ ሳይነቃ ደረሰ።

መኪና ላላቸው ቤተ ሰቦች አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። አብዛኛው ኩላንት ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ አለበት፤ ይህም ጣዕሙ የሚጣፍጥ፥ ነገር ግን ኵላሊትን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ነው። ስለዚህ የተረፈውን በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ማስቀመጥ፥ የተጠራቀመበትንም ሳፋ መልሶ ለቤት ሥራ ማዋል አይገባም። በግቢ ውስጥ የፈሰሰው ልጆችና ውሾች ሳይደርሱበት በአፈር ተመጥጦ ይነሣ፤ ስፍራውም በብዙ ውኃ ይታጠብ። የቀመሰ ልጅ ቢኖር ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ለረጅም መንገድ የሚነሣ ሰው ስንቁን በሚያሰናዳበት ማለዳ መኪናው ካደረበት ስፍራ በታች ጐንበስ ብሎ መሬቱን ይመልከት። መሬቱ ረጥቦ ካገኘውም ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ አይነሣ። በደጋው ላይ በአንድ ካቻቢቴና በጥቂት ትዕግሥት የሚፈጸመው ሥራ በሸለቆው ውስጥ የቀን ጉዞ ያስፈታልና።