ሚዛን ላይ የወጣ ሕመም

በአገራችን የሰው ጤና አስቀድሞ የሚመዘነው በዐይን ነው። የወፈረውን «አማረበት» እንላለን፤ የከሳውን ግን ገና በር ላይ ሳለ «ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» ብለን እንቀበለዋለን። ልማዱ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን ካንሰር በገባበት ቤት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ዘንድሮ አይቻለሁ።

አክስቴ የመጣችው ከአርሲ ነው። ሕመሟ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፤ ይህም በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስለምትታከም ገላን ኮንዶሚኒየም ከእኛ ዘንድ ተቀመጠች። ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር ሳይነጋ ተነሥተን፣ ቃሊቲንና ሳሪስን አልፈን በታክሲ እንሄዳለን። እዚያም ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ከ52 ኪሎ ወደ 44 ወረደች። ጎረቤቶቻችን አጥሚት ይዘው ይጠይቋታል፤ ሲወጡ ግን «እንግዲህ ምን ቀራት» ይባባላሉ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ደግሞ ድምፅ አይደብቅም።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት የጡት ካንሰር ታካሚ ናቸው። እርሳቸው መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ 6 ኪሎ ስለጨመሩ ሰው ሁሉ «ዳኑ፣ ተመስገን» ይላቸዋል።

ይህ ፍርድ አላስቀምጥ ስላለኝ ነርሷን ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም አነበብሁ። የኬሞቴራፒ መጠን የሚሰላው በአብዛኛው ከቁመትና ከክብደት ስለሆነ፣ ሚዛኑ በመጀመሪያ የሚያገለግለው ለመድኃኒቱ ልክ ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የወጣ፣ 3,047 ሕመምተኞችን የተመለከተ ጥናት፣ ኬሞቴራፒ ሳይጀምሩ የከሱት በጠቅላላው ዕድሜያቸው አጥሮ መገኘቱን ገልጿል። ስለዚህ የጎረቤቶቻችን ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም የብዙዎች ድምር የአንዲት ሴት ዕጣ አይደለም። የክሳቱም ምክንያት አንድ አይደለም፤ አንዱ መዋጥ አቅቶት ይከሳል፤ ሌላው ቢበላም እንኳ በሽታው ራሱ ጡንቻውን ይጨርስበታል። ይህን ሁለተኛውን ሐኪሞች ካኬክሲያ ይሉታል፤ ምግብ ብቻም አይመልሰውም።

መወፈርም እንዲሁ ነው። ማስመለስን ለመከላከል የሚሰጠው ስቴሮይድ፣ የእንቅስቃሴ ማነስ፣ ያለጊዜው የወር አበባ መቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ። በእግር ወይም በሆድ የተጠራቀመ ውኃም ለሚዛን ሥጋ ይመስለዋል፤ ከሥሩ ጡንቻው እያለቀ ሊሆን ይችላል። እኒያ እናት ይህን ስነግራቸው ሳቁና «እኔስ ቀሚሴ እንጂ ጤናዬ መጥበቡን መች አወቅሁ» አሉኝ።

ለአክስቴ ሐኪሞቹ የምግብ ቧንቧዋን የሚከፍት ቱቦ አስገቡላት። ከዚያ ወዲህ እንቁላልና ዘይት የገባበት አጥሚት ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትወስዳለች። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ከ44 አልወረደችም። «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ብላ ሐኪሙን በፊቴ ጠየቀችው። እርሱም ክብደቷ መቆሙ ደግ ምልክት ነው፣ የቀረውን ግን ሲቲ ስካኑን ሳላይ አልናገርም አላት። መልሱን ወደድሁለት፤ እርሷ ግን እምብዛም አልወደደችውም።

እኔ ከሚዛኑ ይልቅ ደረጃውን እቆጥራለሁ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። በጥር አራት ጊዜ ታርፍ ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ነው። ሲቲ ስካኑ ለመጪው ወር ተቀጥሯል። እስከዚያው ከትምህርት ቤት ስመለስ የአሥር ሰዓቱ አጥሚት ተራ የእኔ ነው፤ ቀጭን ካልሆነ አይወርድላትምና ደጋግሜ አጠልለዋለሁ።