አሥር ሜትር የት ነው?

እኔ ሲጋራ አላጨስም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ሲከለክል እሰይ! ብያለሁ። ግን ቡታጅራ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? ካፌው ውስጥ አየሩ ጸዳ፤ አጫሹ በረንዳ ወጣ። በረንዳው ላይ ደግሞ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ጀበናዋን ጥላ የት ትሂድ? ቀኑን ሙሉ የሰው ጭስ ትምጋለች።

አዋጁስ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ራቁ ይላል። እስቲ ወልቂጤን እዩ... ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ! ካንዱ በር 10 ሜትር ሲርቁ የጎረቤት ደጃፍ ነው። አንዱን ወዳጄን ብጠይቀው፣ «ታዲያ ሰማይ ላይ ላጭስ?» አለኝ።

ሕጉ ይነሳ አላልኩም፤ ኧረ በጭራሽ! ብቻ ልጅቷ ሳሉ ሲጠናባት ባለቤቱን፣ «ጋሼ፣ ወደ ውስጥ ልግባ?» አለችው።

«ቦታ የለም» ተባለች።