ስለ እርጥብ ሣርና ስለ ጎረቤቶች ሰላም

ከአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አባያ ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ግን ጠርቶ ይታያል። በመካከላቸው የቆመውን ከፍተኛ ምድር ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ብሎ ይጠራዋል። ሐይቆቹን የሚለያቸውም የሚያገናኛቸውም ያው አንዱ ምድር ነው። የጎረቤት ነገርም እንዲሁ ነው፤ ወሰን እንደ አያያዙ አጥርም ድልድይም ይሆናል።

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የጋሞ ተወላጆች በቡራዩ መገደላቸው በተሰማ ጊዜ፥ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በሐዘንና በቁጣ ነድደው ለበቀል ተነሡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ወጡ፤ በልጆቻቸውም ፊት ተንበረከኩ። ሽማግሌ ተንበርክኮ የያዘውን ሣር አልፎ መሄድ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ሐዘኑ በራሳቸው ቤት የገባ ነበሩ እንጂ ከሩቅ የመጡ አስታራቂዎች አልነበሩም። የለመኑትም የገዛ ልጆቻቸውን ነው።

ይህ ነገር ለታላላቅ መንግሥታትም ምሳሌ ይሆናል። ህንድና ፓኪስታን በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. እየተከታተሉ የኑክሌር ቦምብ ፈተኑ። ቦምቡ ጦርነትን ያስቀራል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን በ1991 ዓ.ም. በካርጊል ተራሮች ተዋጉ። ደግሞም ከሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሳይልና በድሮን ተመታትተው፥ ተኩሱ በግንቦት 2 ቀን ቆመ። እንግዲህ ፍርሃት እጅን ይይዝ እንደ ሆነ ነው እንጂ ቂምን አያወጣም።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ጎረቤቶች መካከል አንድ መልካም ልማድ አለ። አንዱ የሌላውን የኑክሌር ተቋም እንዳይመታ በታኅሣሥ ወር 1981 ዓ.ም. ተዋዋሉ፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህም በየዓመቱ የተቋሞቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ። ያች ወረቀት የእነርሱ እርጥብ ሣር ናት። ነገር ግን ሣሩን ይዞ በገዛ ወገኑ ፊት የሚንበረከክ ሽማግሌ ከሌለ፥ ወረቀት ብቻውን ምን ያህል ይጠብቃል? ባዕድ አስታራቂ ተኩስን ያስቆም ይሆናል፤ የተቆጣውን ልብ የሚመልስ ግን አብሮት ያዘነ ነው።

ደረቅ ሣር የእሳት ወዳጅ ነው፤ እርጥቡ ግን ነበልባሉን ያቀዘቅዛል። ጎረቤቱን ከመውቀሱ በፊት የገዛ ልጁን «ተመለስ» የሚል ሽማግሌ፥ እግዚአብሔር ለሕዝብ ሁሉ ያስነሣ።