የጢስ ሒሳብ

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ብርዱ በጠናበት አንድ ምሽት፣ የኮሌጅ ባልንጀራዬ የነበረ ወጣት በብብቱ ሥር ወፍራም ፋይል ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ይህ ባልንጀራዬ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ በአዳማ፣ በደሴ፣ በጅማና በባሕር ዳር በሆነ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ገና ሳይቀመጥ «አንተ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነህና ከዚህ ጭንቅ አውጣኝ» አለኝ።

ጭንቁ ይህ ነበር። ኩባንያው መሥሪያ ቤቶቹ በየዓመቱ ወደ ሰማይ የሚለቁትን የተቃጠለ አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ቈጥሮ ሊቀንስ ቃል ገብቷል፤ የመቍጠሩም ሥራ የተጣለው በባልንጀራዬ ላይ ነው።

ዓይን የማያየው ነገር እንዴት ይቈጠራል የሚሉ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። የሚቈጠረው በደረሰኝ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ታትሞ የወጣውና ብዙ ኩባንያዎች የሚከተሉት የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ሒሳቡን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ኩባንያው በራሱ መኪናና ጀኔሬተር ያቃጠለው ነዳጅ ነው። ሁለተኛው ከሌላ የገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው በሌሎች እጅ ሆኖ ስለ ኩባንያው ሥራ የሚወጣው ነው፤ ይኸውም የሠራተኞች የአውሮፕላን ጉዞ፣ የኪራይ ጭነት መኪና፣ የወረቀት ግዢና ይህን የመሳሰለው ሁሉ ነው።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ባልንጀራዬ ይህን ባነበበ ጊዜ የኅትመት ስሕተት መስሎት ነበር፤ ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላምና። ነገር ግን ስሕተት የለበትም። 12 ኪሎ ካርቦን ሲነድ 32 ኪሎ ኦክሲጅን ከአየር ይወስድና 44 ኪሎ ይሆናል። ሸክሙን የሚያከብደው ከአየር የተወሰደው ነው።

በአገራችን ደግሞ ሒሳቡ ለየት ያለ መልክ አለው። በደቡብ አፍሪካ አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከድንጋይ ከሰል ስለ ሆነ የቢሮ አምፖል ማጥፋት ራሱ ቁም ነገር ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዋናው መስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኃይል፣ የቀረውም በብዛት ከነፋስ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቶቻችን ጢስ የሚበዛው መብራት ሲኖር ሳይሆን መብራት ሲጠፋ ነው፤ ጀኔሬተሩ የሚነሣው ያን ጊዜ ነውና።

በ2016 በጀት ዓመት የመጀመሪያው ቈጠራ ሲደረግ ሁለት ቅርንጫፎች «እኛ ጀኔሬተር የለንም» ብለው ባዶ ቅጽ ልከው ነበር። ለ2017 ቈጠራ ባልንጀራዬ ራሱ ሄዶ ቢያይ፣ ጀኔሬተሩ የባለ ሕንፃው ይሁን እንጂ የናፍጣውን ዋጋ ከኪራዩ ጋር የሚከፍለው ኩባንያው ሆኖ ተገኘ። ያም ሲጨመር ድምሩ ካለፈው ዓመት በለጠ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ቀንሰናል» ብለው በስብሰባ ላይ አስቀድመው ተናግረዋል። ባልንጀራዬም የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ ሰው ነው።

እኔ ምን አልሁት? እያፈርሁም ቢሆን ልናገር። «ተወው፤ እንደ በፊቱ ባዶውን አስገባ። የባለ ሕንፃው ጢስ ያንተ ዕዳ አይደለም» አልሁት። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ በቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ተማሪዬ የመዘነችውን ቍጥር ሰርዛ ከመጽሐፉ ጋር የሚስማማ ሌላ ቍጥር ስትጽፍ አገኘኋት። «የሚዛንሽን እንጂ የመጽሐፉን መች ጠየቅሁሽ?» ብዬ ተቈጣኋት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ቃሌ ግን ተመልሶ የመታው እኔኑ ነው። በዕረፍት ሰዓት ለባልንጀራዬ ደወልሁለት።

መፍትሔው ከሒሳቡ ሕግ ውስጥ ነበር። የቈጠራው ወሰን ሲሰፋ የመነሻው ዓመትም በዚያው ወሰን እንደገና ይሰላል፤ አለዚያ ሁለቱ ዓመታት አይነጻጸሩም። ሦስት ምሽት ተቀምጠን የ2016ን የኪራይ ደረሰኞች ፈትሸን አዲስ ድምር አወጣን። ሁለቱ ዓመታት ጐን ለጐን ሲቆሙ፣ የመኪኖቹ ጥቂት መቀነሱ፣ የጀኔሬተሮቹ ግን ምንም አለመቀነሱ ታየ። ኩባንያው ያስተከላቸውን ችግኞችም ከድምሩ ሳንቀንስ ለብቻቸው ጻፍናቸው። ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ የተቃጠለውን ናፍጣ ግን አልተቃጠለም አያሰኘውም።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲያነቡ ፊታቸው ጠቈረ። የባልንጀራዬም ዕድገት እስካሁን አልመጣም። ነገር ግን ባዶ ቅጽ ልከው ከነበሩት ቅርንጫፎች በአንዱ፣ ለአምስት ኮምፒዩተርና ለጥቂት አምፖል ሲባል መብራት በጠፋ ቍጥር ሲያጓራ ይውል የነበረው ትልቅ ጀኔሬተር ቆሞ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ተተክቶለታል። ቍጥሩ ባዶ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ማንም ያን ጀኔሬተር ባላሰበው ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ዛሬም ሆነ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። አለቃን ደስ ለማሰኘት እጃችሁ ሲያዘነብል፣ መጀመሪያ ደረሰኙን ተመልከቱ።

ተማሪዬ በዚያው ሳምንት ሙከራውን ደገመችው። ውጤቷ አሁንም ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመም። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።