የእናቴ ድምፅ፣ ከወልድያ እስከ መርሳ

ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ያን መንገድ በአውቶቡስ ስሄድ ሁለት ካርቶን ይዤ ነበር፤ አንዱን ከእግሬ ሥር፣ ሌላውን ጭኔ ላይ። ረዳቱ «አባባ፣ ከላይ እንጫነው» ቢለኝ እንቢ አልኩት። «ምን ቢሆን ነው?» አለኝ። «ሞኒተር ነው» አልኩ። «አሃ፣ የኮምፒውተር!» ብሎ ተወኝ። ላስረዳው አልሞከርኩም፤ በወጉ ለእኔም አልገባኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። ልጄ ወልድያ ሥራ ይዞ፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ማታ ማታ ሙዚቃ ይሠራል። እናቴ ደግሞ የምትኖረው መርሳ ነው፤ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ። ትውልዷ አምባሰል ነው፤ ስታንጎራጉር ጎረቤት ሥራውን ያቆማል። ልጄ ወልድያ አምጥቶ አንድ ከሰዓት ሙሉ ድምፅዋን ቀዳ። ከሥሩ ቤዝና ኪቦርድ ጨመረበትና በሳሎን ስፒከሩ ከፍቶ አሰማኝ። ቤዙ ደረት ይነካል፣ ቃሏም ጥርት ብሎ ይሰማል። «ሥራ ማለት ይኼ ነው!» አልኩ።

ያንኑ በፍላሽ ይዘን በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድን። ሾፌሩ ከፈተልን። የተሰማው ጉምጉምታ ነው፤ የእናቴ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። መርሳ ደርሰን በጎረቤት ቴፕ ሞከርነው፤ ያው ነው። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችና «የኔ ድምፅ የት ሄደ?» አለች። ልጄ አንገቱን ደፋ። በዚያው ክረምት ሳል ያዛትና ድምፅዋ ደከመ። እንደገና መቅዳት የሚባል ነገር ቀረ።

ልጄ «አባዬ፣ ያሳሳተኝ ስፒከሩ ነው» ሲለኝ አላመንኩትም። ስፒከር ላለው ሰው ሌላ ስፒከር ምን ይሠራለታል? ወራት አስለመንኩት።

ኋላ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። የሳሎን ስፒከር የሚሠራው አድማጭን ለማስደሰት ነው፤ ቤዙን ያወፍራል፣ ቀጭኑን ድምፅ ያደምቃል። የእሱም ስፒከር የእናቴን ድምፅ ከልኩ በላይ ስላደመቀለት፣ በቂ መስሎት ዝቅ አደረገው። ያ ማድመቂያ በሌለበት ሚኒባስ ውስጥ ድምፅዋ ተዋጠ። የስቱዲዮ ሞኒተር ግን ያለውን ያሰማል እንጂ አያሳምርም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ብሎ ያወጣው ኤንኤስ-10 የተባለ ስፒከር በዓለም ስቱዲዮዎች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው የሥራን ጉድለት ስለማይደብቅ ነው። እኔም በልጅነቴ የክፍላችን ሞኒተር ትዝ አለኝ፤ የሚረብሽ ልጅ ስም መዝግቦ ለአስተማሪ የሚሰጠውን። ማንም አይወደውም፣ ግን ክፍሉ በእሱ ጸጥ ይላል።

ደሴንና ሐይቅን አልፈን ውጫሌ ስንደርስ ይህንኑ አስብ ነበር። በ1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ትርጉም ነበረው። መዘዙም እስከ ዓድዋ ደረሰ። የልጄ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ቢሆንም እሱ ክፍሉ ውስጥ የሰማውና እኛ መንገድ ላይ የሰማነው አንድ አልነበረም።

ወልድያ እንደደረስኩ ካርቶኖቹን ፈታን። ልጄ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ አስቀመጠ፤ ግድግዳና ጥግ ቤዙን ያለልክ ያጎላዋልና። በሁለቱ መካከል ያለውንና ከእያንዳንዳቸው እስከ ወንበሩ ያለውን ርቀት እኩል አደረገ፤ ትንንሾቹን ድምፅ ማውጫዎች ከጆሮው ትክክል አነሳ። ማሚቶውን ለመቀነስ ወፍራም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ከዚያ የእናቴን ዘፈን ከፈተ።

ቀጭን ነው! ያ ሁሉ ድምቀት የለም። «ለዚህ ነው ያን ያህል ብር የከፈልኩት?» አልኩ። ልጄም ከንፈሩን ነከሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን «ስማ» አለኝ። ከእናቴ ድምፅ ሥር «ዝዝዝ» የሚል አለ፤ የአከራዮቹ ፍሪጅ ነው። ኪቦርዱም ልክ የእሷ ድምፅ ያለበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ይጋፋታል። ዓመት ሙሉ አብሮን የኖረ ጥፋት ነው።

ደግነቱ ድምፅዋ ለብቻው ተቀምጧል። ልጄ መጀመሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች በአዲሶቹ ስፒከሮች ደጋግሞ እየሰማ ጆሮውን አስለመደ። ቀጥሎ ኪቦርዱን ቀነሰ፣ ቤዙን አሳነሰ፣ እሷን ወደፊት አወጣ። ደስ ያለኝ ይህን ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሥራቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ከ80 ዴሲቤል፣ ልጅ ደግሞ ከ75 እንዳያልፍ ይመክራል። የልጆቻችሁን ጆሮ ማዳመጫ አስቡ።

በአምስተኛው ቀን ወደ መርሳ ወረድን። ከወልድያ ወደ መርሳ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስሪንቃን ከነምርምር ማዕከሉ ስናልፍ ዘፈኑን በሚኒባሱ አስከፈትን። ቃሏ ሁሉ ተሰማ። ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞረው «ይቺ ማን ናት?» አሉ። ልጄ «አያቴ ናት» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

እናቴ ዐይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። «አሁን እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም «እዚህ ጋ ትንፋሽ አጥሮኛል» አለች። ልጄ «ላወጣው እችላለሁ» ሲላት «አብሽር፣ ተወው፤ እሱም የኔው ነው» አለችው።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ልጄ ስፒከሮቹን ትቶ፣ ፍላሹን በኪሱ ይዞ ወጣ። ሲመለስ ክፍሏ ባዶ ነበረች። እናቴም ዛሬ የለችም። ዘፈኗ ግን በልጄም በእኔም ቤት አለ።

ወላጆቻችሁን ለመቅዳት ስቱዲዮ አትጠብቁ፤ ስልክ ይበቃል። መስኮቱን ዝጉ፣ ፍሪጁን ለጊዜው አጥፉ፣ ድምፃቸውን ያለ ሙዚቃ ብቻውን ቅዱ። ማሳመሩ ኋላ ይደረስበታል። ቅጂውንም በሁለት ቤት አስቀምጡ።