በተመሰገነበት ጉባኤ የተጸጸተው ሰው

ሰው በብዙ ሰዎች ፊት ቆሞ በተናገረ ጊዜ ሁለት ዕዳ ይገባል። አንደኛው የሚናገረውን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛውም ከተናገረው የሚመጣውን መሸከም ነው። የፊተኛውን ዕዳ ብዙዎች ይከፍሉታል፤ የኋለኛውን የሚከፍሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ንግግሩ ባንድ ሰዓት ያልቃል፤ ከንግግሩ የተወለደው ሥራ ግን ተናጋሪው ከረሳው በኋላ እንኳ በሌሎች ቤት ያድጋልና።

ጉባኤ የሚለው ስም ለካህናት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጐበጠውን ያቃናለታል፤ ያማረ እንደ ሆነ ባልንጀሮቹ «ይበል» ይሉታል። በኮምፒውተር ጥበብ የሚተዳደሩ፥ ይልቁንም በኢንተርኔት የሚነበበውን ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ጉባኤ አላቸው። ሥርዐቱም እንዲህ ነው፤ ሊናገር የሚወድ ሰው ጉባኤው ከመድረሱ ከወራት በፊት አሳቡን በአጭሩ ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይልካል፤ እነርሱም ከብዙው ጥቂቱን መርጠው ይቀበላሉ። የተመረጠውም በቀኑ ከመድረክ ወጥቶ፥ ጽሕፈቱንና ሥዕሉን በትልቅ መጋረጃ ላይ እያሳየ፥ ሠላሳ ወይም አርባ ደቂቃ ያህል ይናገራል። ንግግሩም በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተቀርጾ ላልመጡት ይደርሳቸዋል። ዳሩ ግን ከአዳራሹ ውጭ ቡና በሚጠጣበት ስፍራ የሚደረገው ጭውውት ከንግግሩ ይልቅ ይጠቅማል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሰው በመድረክ የሚደብቀውን ስሕተቱን በዚያ ለባልንጀራው ይነግረዋልና።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዘመንም ሁሉ በዚያው ነው) በ2009 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ጄኤስኮንፍ የሚባል ጉባኤ ተደረገ። የተሰበሰቡትም ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። በዚያም ራያን ዳል የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ተናገረ። ይህም ሰው የሒሳብን ከፍተኛ ትምህርት ሲማር ቆይቶ የተወ ነበረ። አሳቡ የመጣለት ከትንሽ ነገር ነው፤ ፍሊከር ወደሚባለው ድረ ገጽ ፎቶግራፍ ሲላክ ምን ያህሉ እንደ ደረሰ የሚያመለክተውን መስመር አይቶ፥ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለማወቅ ለምን ይህን ያህል ድካም ያስፈልጋል ብሎ ተመራመረ።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ድረ ገጽን ለጠያቂው የሚያቀርቡት ሰርቨሮች አብዛኞቹ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አሳላፊ እንደሚያቆም ቤት ነበሩ። አሳላፊው ወጥ እስኪወጣ ድረስ በወጥ ቤት ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ሌላ ሥራ አይሠራም። እንግዳ በበዛ ቍጥር አሳላፊ ይበዛል፤ ቤቱም ይጠባል። ዳል የዚህን መጠበቅ ዋጋ በቍጥር አሳየ። የኮምፒውተሩ አንጐል ከቅርብ ማስታወሻው ለማንበብ 250 ምት ቢፈጅበት፥ ከዲስክ ለማንበብ 41,000,000 ምት፥ በመረብ ከሌላ ኮምፒውተር ለማምጣት ደግሞ 240,000,000 ምት ይፈጅበታል። እንግዲህ አሳላፊው ትእዛዙን ለወጥ ቤት ነግሮ፥ ሳይቆም ወደ ሌላው እንግዳ ይሂድ፤ ወጡ ሲደርስ ይጠራል፤ እንዲህ ከሆነ አንዱ ለብዙው ይበቃል። ዳል ይህን ሥርዐት፥ ጉግል የሚባለው ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ከክሮም ጋራ ባወጣው ፈጣን የጃቫስክሪፕት ሞተር ላይ መሥርቶ፥ ስሙን ኖድ አለው። ንግግሩንም በጨረሰ ጊዜ ሰሚዎቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው አጨበጨቡለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ኖድ በዓለም ተዘረጋ። ሊንክድኢን፥ ፔይፓልና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ሠሩበት። ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያከማቹበትና አንዱ የሌላውን የሚወስድበት ኤንፒኤም የሚባል ጐተራም ተከፈተለት፤ በ2019 ዓ.ም. በዚህ ጐተራ ያለው ጥቅል ከ1,000,000 በላይ ሆነ። ዳል ግን በ2012 ዓ.ም. በጃንዩወሪ ወር መሪነቱን ለሌላ ሰው አስረክቦ ሄዶ ነበር።

በ2018 ዓ.ም. በጁን ወር በዚያው በበርሊን፥ በዚያው በጄኤስኮንፍ ጉባኤ ዳል እንደ ገና ቆመ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። በተመሰገነበት ስፍራ ምስጋናውን የሚያስታውስ ንግግር ቢያደርግ የሚነቅፈው አልነበረም። የንግግሩ አርእስት ግን «ስለ ኖድ የምጸጸትባቸው ዐሥር ነገሮች» የሚል ሆነ።

ከነዚህም ጥቂቱን መናገር ይበቃል። በ2009 ዓ.ም. በጁን ወር በኖድ ውስጥ ፕሮሚስ የሚባል ሥርዐት አግብቶ ነበር፤ ትርጓሜውም ቃል መግባት ማለት ነው፤ ገና ያልደረሰው መልስ በደረሰ ጊዜ በአግባቡ እንዲያዝ ያደርጋል። በ2010 ዓ.ም. በፌብሩወሪ ወር ግን አወጣው፤ ማውጣቱም አለማስተዋል እንደ ነበረ አመነ። ዳግመኛም፥ ጃቫስክሪፕት በድረ ገጽ መመልከቻ ውስጥ ሲሠራ የባለቤቱን ፋይል እንዳይነካ ታስሮ ሳለ፥ በኖድ ማሰሪያው ተፈታ፤ የጽሕፈትን ግድፈት ብቻ የሚመረምር ትንሽ ፕሮግራም እንኳ በኮምፒውተሩና በመረቡ ሁሉ ላይ ሥልጣን አገኘ። የብዙዎች ሥራ የሚከማችበት ጐተራም ባንድ የግል ባለቤት እጅ መሆኑን እያዘነ ጠቀሰ። ደግሞም ኢንዴክስ የሚባለውን ፋይል ያገባው በድረ ገጽ ዘንድ የተለመደ ስም ስለ ሆነ ያማረ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን ያለ ጥቅም ሥራውን አወሳሰበው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ጸጸት ሳይተረጐምለት ያስተውለዋል፤ ለማማር ብቻ የገባ ቃል ምስጢሩን ያደክመዋልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስለ አንድ ፎልደር የተናገረው ነው። በኖድ የተሠራ ፕሮግራም የሚያስፈልጉትን የሌሎችን ሥራዎች ሁሉ ኖድ ሞጁልስ በሚባል ፎልደር ይሸከማል፤ ይህም እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ከፀሐይ ይልቅ ይከብዳል እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱበታል። ዳል ስለዚህ ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን አሁን መልሶ መፍታት እንደማይቻል ጨምሮ ተናገረ። እውነቱን ነው፤ ጣራው ከተከደነ በኋላ ምሰሶው ጠማማ ነው ተብሎ አይነቀልም፤ ከሥሩ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸውና።

አንድ ተጠራጣሪ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ፊተኛው፥ ሥራውን ትቶ የሄደ ሰው ተመልሶ ቢነቅፍ፥ በስድስቱ ዓመት የደከሙትን አያሳዝንምን? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ በንግግሩ መጨረሻ አዲስ ሥራ ስላሳየ፥ ጸጸቱ ለአዲሱ ገበያ መጥሪያ አልነበረምን? የሚል ነው። አዲሱንም ሥራ ዲኖ ብሎታል፤ የኖድን ስም ሁለት ክፍል ቦታ ማለዋወጡ ነው፤ ፊደሉ ያው ሆኖ ሥርዐቱ ተለወጠ። በዲኖ ፕሮግራሙ ፋይልን ወይም መረብን ለመንካት አስቀድሞ ፈቃድ መቀበል አለበት።

ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው። ለፊተኛው መልሱ፥ ዳል የቈጠረው እርሱ ራሱ መሪ ሳለ ያደረገውን እንጂ የተተኩትን ሰዎች ጕድለት አለመሆኑ ነው። ለሁለተኛው መልስ የሰጠው ግን ዘመን ነው። ዲኖ በ2020 ዓ.ም. ተጠናቆ ወጣ። ሰዎች ግን የቀድሞውን ጐተራ ትተው ወደ እርሱ አልጐረፉም። ስለዚህ በ2022 ዓ.ም. የኤንፒኤምን ጥቅሎች ወደ መቀበል ተመለሰ። በ2024 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር በወጣው በሁለተኛው ዲኖ ደግሞ ይቅርታ የተጠየቀበት ያ ፎልደር ራሱ ስፍራ ተሰጠው። የተጸጸተበትን ነገር በአዲሱ ቤቱ አሳደረው።

ይህን አይቶ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በማስተዋል ለሚመለከተው የዳል ሁለተኛው ዕዳ የተከፈለው በ2018 በበርሊን ሳይሆን በዚህ ነው። በመድረክ ስሕተትን መቍጠር ድፍረት ይፈልጋል፤ ሆኖም ሰሚው ለዚህም ያጨበጭባል። የእርሱን ቃል አምነው የሠሩ ሰዎች ግን አሉ፤ እነርሱ ሥራቸውን አፍርሰው እንዲከተሉት ከማዘዝ ይልቅ የራሱን ስሕተት ሸክም ከነርሱ ጋራ መሸከም ጭብጨባ የለውም።

የቅኔ ተማሪ ስሕተቱን በዚያው ዕለት የሚያቃናለት መምህር አለው። በዚህ በአዲሱ ጉባኤ ግን ሰሚው ሁሉ እኩያ ነው፤ ያማረውን ወዲያው ያመሰግናል፤ የጐበጠው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በጉባኤ ፊት የሚቆም ሰው፥ በድረ ገጽም ሆነ በሌላ ጥበብ፥ ጭብጨባውን እንደ ብድር ይቀበለው። ከዘጠኝ ዓመትም በኋላ በዚያው መድረክ ቢጠሩት፥ ሄዶ ሊቆም እንዲችል አድርጎ ይናገር።